ጥላሸቱ የማን ነው?

ቁልፉን የተቀበልነው ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ነው። ደላላው ድርሻውን ቆጥሮ ኪሱ ከከተተ በኋላ ከግቢው በር እንኳን ሳይርቅ በስልኩ ስለ ሌላ ቤት ሲደራደር ሰማነው። እኛ ሦስት ሴቶች፣ ሁለት ፍራሽ፣ አንድ የኤሌክትሪክ ምድጃ፣ በማዳበሪያ የታጨቀ ልብስና ካርቶን አልበቃው ያለ መጽሐፍ ይዘን በሩ ላይ ቆምን። ቤቱን ከዚያ በፊት ያየነው አንድ ጊዜ ብቻ ነበር፤ ያውም መብራት በጠፋበት ምሽት፣ በደላላው የስልክ ባትሪ። የደላላ ባትሪ ደግሞ እሱ የወደደውን ጥግ ብቻ ነው የሚያሳየው።

በሩ ሲከፈት መጀመሪያ የተቀበለን ሽታው ነው። የተቃጠለ ዘይት፣ የረጠበ ጭቃ፣ አይጥ። ሊሾው ላይ ሽሮ ደርቋል። ጥግ ላይ የሽንኩርት ልጣጭ ተቆልሏል። አንድ የልጅ ነጠላ ጫማ አለ፣ የግራው ብቻ። መስኮቱ ላይ በመጋረጃ ፋንታ የስሚንቶ ወረቀት ተወጥሯል። ኮርኒሱ የማዳበሪያ ነው፤ መሐሉ ላይ እንደ ነፍሰ ጡር ሆድ ወርዷል። ማብሰያ በተባለው ጥግ ግድግዳው ከወገብ በላይ እስከ ጣራው ጥቁር ነው። በጣት ሲነካ ጣት ያጠቁራል።

አከራያችን ከኋላችን ቆመው አብረውን አዩና ከንፈራቸውን መጠጡ። «የበፊቶቹ እንዲህ ናቸው ልጆቼ። ቆሻሾች። እናንተ የተማራችሁ ናችሁ፣ አሳምራችሁ ትይዙታላችሁ» አሉን።

«እማማ፣ እኛ ከመግባታችን በፊት የሚጸዳ መስሎን ነበር» አልናቸው።

«ማን ያጸዳዋል?» አሉ።

እሳቸው መልስ አልጠበቁም፤ ወደ ቤታቸው ገቡ። እኛ ግን መጥረጊያ፣ ባልዲ፣ በረኪናና ሽቦ ገዝተን ሁለት ቀን ሙሉ ስንፈትግ ጥያቄው ከጭንቅላታችን አልወጣ አለ። እውነት፣ በዚህ ከተማ የተከራየ ቤት ሲቆሽሽ ማጽዳት የማን ሥራ ነው? አንዳችን ሕጉን፣ አንዳችን ታሪኩን፣ አንዳችን ጎረቤቱን መጠየቅ ጀመርን። እነሆ ያገኘነው።

አዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. ስትቆረቆር ሰፈር ነበረች፤ ሰፈር ስንል በድሮ ፍቺው፣ ጦር የሚሰፍርበት ማለታችን ነው። መኳንንቱ በየኮረብታው ቦታ ተመሩ፤ ሎሌውና ወታደሩ በጌታው ዙሪያ ጎጆውን ቀለሰ። ደጃች ውቤ ሰፈር፣ ራስ ካሳ ሰፈር የሚሉት ስሞች የዚያ አሠራር ቅሪት ናቸው። ጎጆ የሚገኘው የሰው ጥላ ሥር በመግባት እንጂ የወር ኪራይ በመክፈል አልነበረም። የቆሸሸ ሰፈር መፍትሔም ቀላል ነበር፤ ትቶ መሄድ። የማገዶ እንጨት ሲያልቅ፣ ዙሪያው ሲመለጥና ሲበላሽ ቤተ መንግሥቱም ሠራዊቱም ይነሳል። አዲስ አበባም ከዚህ ዕጣ ያመለጠችው ለጥቂት ነው። ምኒልክ እንጨት ቸግሯቸው መናገሻቸውን ወደ አዲስ ዓለም ለማዛወር ተሰናድተው ነበር። ከተማዋን እዚሁ ያስቀራት ከባሕር ማዶ የመጣውና ቶሎ የሚያድገው ባሕር ዛፍ ነው። የእኛ ክፍል ምሰሶና ማገር ከዚሁ ዛፍ ነው። ይህን ያወቅነው ምርጊቱ በወደቀበት በኩል ስለሚታይ ነው፤ አከራያችን «አየር ማስገቢያ» ይሉታል።

ትቶ መሄድ ካልተቻለ አብሮ መኖር ግድ ነው፤ አብሮ ለመኖር ደግሞ ቤቱ የማን እንደሆነ መታወቅ አለበት። በ1900 ዓ.ም. ገደማ የወጣው የአዲስ አበባ የመሬት ደንብ የከተማ ቦታ በግል ተይዞ የሚሸጥና የሚወረስ ንብረት እንዲሆን መንገድ ከፈተ። ባቡሩ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርስ ቆርቆሮውም፣ ሚስማሩም፣ ሥራ ፈላጊውም በብዛት ገባ። ጣሊያን በአምስቱ ዓመት ለመንግሥት ሠራተኞቹ ያሠራቸው ቤቶች «ካዛ ኢንቺስ» ይባሉ ነበር፤ ካዛንችስ የሚለው ስም የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ትልቅ ሰፈር ሙሉ ስሙን ያገኘው የባለቤት ካልሆነ ቤት መሆኑ ይገርማል። ያ ሰፈር በ2017 ዓ.ም. በኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከተነሺዎቹ ብዙዎቹ የቀበሌ ተከራዮች ነበሩ።

ከጣሊያን መውጣት በኋላ ያለው ዘመን የተከራይ ዘመን ነው። ቦታው በጥቂት ሰዎች እጅ ነበረ፤ ከየክፍለ ሀገሩ የሚመጣው ሰው ግን ማደሪያ ይፈልጋል። ስለዚህ ባለ ቦታው አንድ ረጅም ጭቃ ቤት ያሠራና አምስት ስድስት በር ይቀድበታል። በየበሩ አንድ ቤተሰብ ይገባል፤ ሽንት ቤቱ የጋራ፣ ውሃው ከቦኖ። በአብዮቱ ዋዜማ ከአዲስ አበባ ነዋሪ የሚበዛው በኪራይ የሚኖር ነበር። ሕግ አልነበረም ማለት አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ኪራይ፣ በተለይም ስለ ቤት ኪራይ፣ ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ ዛሬም ይሠራበታል። መንፈሱ ባጭሩ፦ አከራይ ቤቱን ለታሰበለት አገልግሎት በሚመች ሁኔታ ያስረክብ፤ ተከራይም ሲወጣ እንደተረከበው ይመልስ። ይህን ስናነብ ደስ አለን፤ ለአከራያችን ለማንበብ ግን ድፍረቱ አልነበረንም። ቀብዱ እሳቸው ጋ ነው።

ከዚያ 1967 ዓ.ም. መጣ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ንብረት ያደረገው አዋጅ ቁጥር 47 የዚህችን ከተማ ግድግዳ ሁሉ ነክቷል ብንል ማጋነን አይሆንም። አንድ ቤተሰብ ለመኖሪያው አንድ ቤት ይመርጣል፤ የቀረው ትርፍ ቤት ተብሎ ይወረሳል። የአከራይና የተከራይ ግንኙነት ተሠረዘ። ቤት አከራይቶ መኖር ወንጀል ሆነ። ተከራዩ ባደረበት ቤት ቀጠለ፣ ኪራዩም ተቀነሰለት፤ የሚከፍለው ግን ለመንግሥት ነው። በወር ከመቶ ብር በታች የሚከራዩት ለቀበሌ፣ ከዚያ በላይ ያሉት ለኪራይ ቤቶች አስተዳደር ተሰጡ። የቀበሌ ቤት የሚባለው ነገር የተወለደው ያን ቀን ነው።

ስለዚህ አዋጅ ሰዎች ሲያወሩ ወይ «ድሃውን ባለ ቤት ያደረገ» ይላሉ፣ ወይ «የሰው ላብ የቀማ» ይላሉ። ሁለቱም የሚናገሩት ስላዩት ነገር ነው። እኛን የሳበን ግን ከሁለቱም የወረደ ጉዳይ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ጣራውን ማን ጠገነ? ግድግዳውን ማን መረገ? ከኪራዮቹ ስንቶቹ በወር አሥር ብር እንኳን የማይሞሉ ነበሩ፤ ለብዙ ዓሥርት ዓመታትም እዚያው ቆሙ። በአሥር ብር ቀበሌው ቆርቆሮ አይቀይርም። ተከራዩ ራሱ ልጠግን ቢል ፈቃድ ይጠየቃል፤ ቢፈቀድለትም የሚጠግነው የራሱ ያልሆነ ቤት ነው።

ከአጥራችን ወዲያ አንድ የቀበሌ ቤት አለ። በእኛ ስሌት መሠረት ከሁሉ የተጎሳቆለ መሆን ነበረበት፤ አይደለም። እዚያ ያሉት እናት በየዓመቱ ክረምቱ ሲወጣ ለመስቀል ጭቃና ጭድ አስረግጠው የወደቀውን ያስመርጋሉ፣ ኖራ ያስቀባሉ። ምጣዳቸው ውጭ ነው። ለምን እንዲህ እንደሚደክሙ ስንጠይቃቸው ግራ ገባቸው። «ልጄን የዳርኩበት ቤት አይደለም እንዴ?» አሉን። ካርታው የሳቸው አይደለም፤ ግን ማንም በወሩ መጨረሻ መጥቶ ውጡ ብሏቸው አያውቅም። (ዛሬ ይህም ዋስትና ሳስቷል። «እኛ ጋ መቼ ይደርሳል?» የሚለው ወሬ ከቡናው አይጠፋም።)

ወደ እኛ ግድግዳ እንመለስ።

በሁለተኛው ቀን በረኪናውም ሽቦውም ጥቁሩን አላስለቅቅ አለ። ፍቀን እንቀባዋለን ብለን ቢላ አነሳን። ላዩ ላይ ሰማያዊ የዘይት ቀለም አለ፣ እሱ የቅርብ ነው። ከሥሩ ኖራ። ከኖራው ሥር ደግሞ ጥቁሩ፣ ወፍራም፣ የሚያብለጨልጭ፣ ከጭቃው ጋር የተዋሐደ። ጥላሸቱ ከላይ ተቀባ እንጂ ከላይ አልመጣም፤ ከውስጥ እየወጣ ነው በቀለሙ ላይ የታየው። የበፊቶቹ ተከራዮች ቀለም በቀቡ ቁጥር እያሳለፈ አሸንፏቸዋል ማለት ነው። በመኝታው በኩል ያለው ግድግዳ የተለየ ነበር። ከቀለሙ ሥር የተገኘው ጋዜጣ ነው፤ በዱቄት ሙጫ የተለጠፈ «አዲስ ዘመን»። ጭቃ ቤት አቧራው እንዳይራገፍ ጋዜጣ መለጠፍ የብዙ ቤት ልማድ ነበር፤ እኛ ግን ጋዜጠኝነት የተማርን ሰዎች ነንና ከዚያ ወዲያ ሥራ ቆመ። ሦስታችንም ግድግዳው ሥር ቁጭ ብለን ማንበብ ያዝን። ከገጾቹ አንዱ ስለ መሠረተ ትምህርት ዘመቻ የሚያወራ ነው። ዘመቻው የተጀመረው በ1971 ዓ.ም. ነውና ልጣፉ ከዚያ በፊት ሊሆን አይችልም።

አከራያችን ሳቃችንን ሰምተው ሲመጡ ጋዜጣውን አሳየናቸው። ነጠላቸውን ሰብሰብ አድርገው ጠጋ አሉ።

«ይኼን የለጠፈው የባለቤቴ የወንድም ልጅ ነው። ለትምህርት ከገጠር መጥቶ እዚህ ነበር የሚያድረው» አሉ።

«ተከራይ አልነበረም?»

«በዚያ ጊዜ ማን ያከራያል ልጄ? ያስቀጣል'ኮ።»

ከዚያ ታሪኩን እሳቸው ነገሩን። ከአዋጁ በፊት የባለቤታቸው አባት ሁለት ቤት ነበራቸው፤ ከአጥሩ ወዲያ ያለው አንዱ ነው። እሱ ተወረሰ። ከዋናው ቤት ጀርባ ያሉት እነዚህ ክፍሎችም ቀድሞ ይከራዩ ነበር፤ አዋጁ ሲወጣ ግን «ማድ ቤት ነው» ብለው አስመዘገቧቸው። ማድ ቤት ነው ከተባለ ደግሞ ማድ ቤት መሆን አለበት፤ ቀበሌው መጥቶ ያያል። ስለዚህ ምጣዱ እዚህ ተተከለ።

«እኔ ነኝ ስጋግርበት የኖርኩት» አሉ ወደ ጥቁሩ ጥግ እያዩ። «በኩበት፣ በቅጠል። ዓይኔ የጠፋው እዚህ ነው።»

ዝም ተባለ። «እንግዲያው ጥላሸቱ የእርስዎ ነው እማማ» ማለት የሦስታችንም ምላስ ጫፍ ላይ ነበር፤ አላልነውም። እሳቸው ግን የገባቸው ይመስለናል። ማታ ላይ በልጅ ልጃቸው እጅ ግማሽ ጆንያ ኖራ ላኩልን። «ቆሻሾች» የሚለውን ቃልም ከዚያ ወዲህ ከአፋቸው አልሰማንም።

ደርግ በ1983 ዓ.ም. ወደቀ። መሬቱ የመንግሥት እንደሆነ ቀረ፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም አጸናው። ቤት ማከራየት ግን ተመልሶ ተፈቀደ። ያኔ በየግቢው ያለው ማድ ቤት፣ ሰርቪስ፣ የዶሮ ቤት ሳይቀር በር ተቆረጠለትና ተከራየ። የእኛም ማድ ቤት ምጣዱ ወጥቶ፣ ሊሾ ፈሶበት፣ ኖራ ተቀብቶ እንደገና «ክፍል» ሆነ። ከ1996 ዓ.ም. ጀምሮ ኮንዶሚኒየም መጣ። የዕጣ ባለ ዕድሉ ቤቱን የሚረከበው ያለ ልስንና ያለ ወለል ስለነበር እዚያ የመጀመሪያው ጥያቄ «ማን ያጸዳዋል» ሳይሆን «ማን ይጨርሰዋል» ነው። ብዙው ሰው ግን ዕጣ ሲጠብቅ እንደ እኛ ባለ ሰርቪስ ውስጥ ዓመታትን ቆጠረ።

የፍትሐ ብሔር ሕጉ በሥራ ላይ ነው ብለናል። በተግባር ግን ውሉ የቃል፣ ዋጋው በየጊዜው የሚጨምር፣ መውጫውም አከራይ በወደደ ቀን ነበር። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ያለ ሰው ቀለም ለምን ይገዛል? አሳምረህ ስትይዘው «ቤቱ ተሻሽሏል» ተብሎ ኪራይ ይጨመርብሃል የሚል ቀልድ አለ፤ ሁለት የምናውቃቸው ሰዎች ላይ ስለደረሰ ቀልድነቱን እንጠራጠራለን። አከራዩስ ነገ ሌላ ተከራይ ወረፋ ይዞ እየጠበቀ ለምን ያጸዳል? ቆሻሻው በሁለቱ መሐል ይቀራል። ከዚያ ሦስተኛ ሰው፣ አዲሱ ተከራይ፣ ባልዲ ይዞ ይመጣል።

ከእኛ በፊት ስለነበሩት የነገረችን የሱቋ ልጅ ናት። አባት፣ እናትና አንዲት ሴት ልጅ። አምስት ዓመት ኖረዋል። ኪራይ ሲጨመር መክፈል አልቻሉም፤ ዐሥር ቀን ተሰጣቸው። አንድ ሌሊት ዕቃቸውን በጋሪ ጭነው ሄዱ። ዐሥር ቀን ተሰጥቶት፣ በቀን ሥራ እየዋለ፣ በማታ ቤት እየፈለገ ያለ ሰው ሲወጣ ሊሾ ይወለውላል ብሎ መጠበቅ ይከብዳል። የበሩ መቃን ላይ በእርሳስ የተሠመሩ ሦስት መስመሮች አሉ፤ ከጉልበት ትንሽ ከፍ ብሎ ጀምሮ ወገብ የሚደርሱ። መጀመሪያ ቀን ስናያቸው ከሚፈተገው ቆሻሻ ጋር ቆጥረናቸው ነበር።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 ይህን ለመለወጥ ነው የመጣው። ውል በጽሑፍ ሆኖ ይመዘገባል፤ ከሁለት ዓመት አያንስም፤ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር አይበልጥም፤ ኪራዩ በባንክ ወይም በኤሌክትሮኒክ መንገድ ይከፈላል፤ ጭማሪም እንደ ልብ አይሆንም። ሰዎቹ የወጡት አዋጁ ከወጣ በኋላ ነው። በወረቀት ላይ የሚጠብቃቸው ሕግ ነበረ፤ እነሱ ዘንድ ግን ወረቀቱ አልነበረም። አዋጁን የሰሙትም አይመስለንም።

እኛ ሰምተናል። ሁለት ዓመት የሚል የጽሑፍ ውል ጠየቅን፤ ከብዙ ድርድር በኋላ ተገኘ። በአንድ ነገር ግን እንናዘዝ። አከራያችን ግብሩን ፈርተው «ዋጋውን ዝቅ አድርገን እንጻፈው» ሲሉን ሦስታችን ተያየን፣ ተስማማን። ስለ መብት የምንጽፍ ልጆች በውሉ ላይ አንድ ዋጋ፣ በእጃችን ሌላ ዋጋ ይዘን ከወረዳው ወጣን። ቀለም የገዛነው ግን በዚያው ሳምንት ነው። ሁለት ዓመት የሚለውን ቁጥር ካየን በኋላ ገንዘቡ አላሳሰበንም። ማዳበሪያውንም አውርደን አዲስ ኮርኒስ አስወጠርን። ጥቁሩን ጥግ ፍቀን፣ በጭቃና በጭድ አስመርገን፣ የእማማን ኖራ ቀባነው። እስከ አሁን አላሳለፈም። የጋዜጣውን ገጽ ቆርጠን ማውጣት ስላልቻልን ዙሪያውን ቀብተን እሱን ተውነው፤ እንግዳ ሲመጣ ሥዕል የሰቀልን ይመስለዋል።

በአራተኛው ሳምንት እሑድ ጠዋት በሩ ተንኳኳ። አንዲት ሴት ናት፣ ከኋላዋ ሰባት ዓመት የሚሆናት ልጅ ቆማለች። «ይቅርታ እህቶቼ፣ በፊት እዚህ ነበርን። ጫማ ረስተን እንደሆን ብዬ...» አለች። የግራው ነጠላ ጫማ ታጥቦ መስኮቱ ላይ ነበር። ቡና ስለደረሰ አይሆንም አይሆንም እያለች ገባች። ቁጭ እንዳለች ዓይኗ ወደ ጥጉ ሄደ።

«ለቀቀላችሁ?» አለች። «እኔኮ በየዓመት በዓሉ እፈትገዋለሁ፣ እቀባዋለሁ፣ መልሶ ይወጣል። የኔ ምድጃ የከሰል ናት፣ ከየት ነው የሚመጣው እያልኩ...»

ከየት እንደሚመጣ ነገርናት። ረጅም ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች።

ልጅቷ በዚህ መሐል ተነስታ የበሩ መቃን ጋ ሄዳለች። እሱን አልቀባነውም ነበር። ጀርባዋን አስደግፋ፣ ተረከዟን አጋጥማ፣ አገጯን ቀና አድርጋ ቆመች።

«ተይ አንቺ፣ የሰው ቤት ነው!» አለች እናትየው።

እርሳስ ፈለግን፣ ከሦስት ጋዜጠኛ ቤት አንድ እርሳስ ጠፋ። በኩል አሰመርንላት።